ለእንቍጣጣሽ የምንሠራው ፖስታ

ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ባለው ቤታችን የምግቡ ጠረጴዛ ለምግብ አይውልም። ልጆቻችን ወረቀቱን፥ መቀሱን፥ ቀለሙንና የኮላውን ጣሳ ዘርግተውበት ይሰነብታሉ፤ እኛና ባለቤታችንም ሳህናችንን በጉልበታችን ይዘን እንበላለን።

በእንቍጣጣሽ ጧት ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ አበባና መልአክ ሥለው ለጎረቤት ማደላቸው፥ ሴቶቹም ዐደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» እያሉ መዝፈናቸው አንባብያን ሁሉ የሚያውቁት ስለ ሆነ አንዘረዝረውም። ነገር ግን በመስከረም 1 ቀን ዝናሙ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ የሰፈራችንም ጭቃ በዓል አያከብርም። ልጁ ሥዕሉን በብብቱ ሸጉጦ ሦስተኛው ደጅ ላይ ሲደርስ፥ የመልአኩ ክንፍ ከአበባው ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። አንድ ዓመት ታናሹ ልጃችን እንዲህ የሆነበትን ሥዕል ይዞ እያለቀሰ ተመለሰ። ፖስታ መሥራት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሱቅ መግዛት ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን ያገኘነው የሱቅ ፖስታ ረጅምና ጠባብ ስለ ሆነ የልጆቹ ካርድ አልገባበትም።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ልኩን ያላወቀ ሰው ብዙ ወረቀት ያባክናል፤ እኛም አባክነናል። ኤ አራት የሚባለው ወረቀት ወርዱ 21፥ ቁመቱ 29.7 ሳንቲሜትር ነው። ይህን ወረቀት አራት ቦታ ቢከፍሉት እያንዳንዱ ክፍል ወደ 14.8 በ10.5 ሳንቲሜትር የሚሆን ካርድ ይወጣዋል። ለፖስታው ደግሞ ከሌላው ወረቀት 8.7 ሳንቲሜትር ያህል ከቁመቱ ቈርጦ ማንሣት ነው፤ የቀረው በአራቱም ጐን 21 ሳንቲሜትር ይሆናል። ወረቀቱን አንዱ ጫፍ ወደ ላይ፥ አንዱ ወደ ታች፥ ሁለቱም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲመለከቱ አዙሮ ካርዱን ከመካከሉ ቀጥ አድርጎ ያስቀምጧል። ከዚያ የግራውንና የቀኙን ጫፍ ወደ ውስጥ ማጠፍ፥ የታችኛውን በላያቸው ማምጣት፥ የላይኛውን ክዳን ማድረግ ነው። በካርዱ አራት ማዕዘኖች አጠገብ የሚተርፈውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ሳይቈርጡ ቢያጥፉት ፖስታው ያብጣል። ማጠፊያውንም ከካርዱ ጠርዝ በጥቂት ሚሊሜትር ማራቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የገባው ካርድ አይወጣም።

ኮላውን የምታዘጋጀው ታላቂቱ ልጃችን ናት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ፥ ጓጐላው ሲጠፋ በለዘብተኛ እሳት ላይ ታማስላለች፤ እንደ ቀጭን ገንፎ ሲሆን ታወርደዋለች። በትኩሱ የተቀባ ወረቀት ስለሚሸበሸብ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ግድ ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ ከታናሹ ዘንድ አይገኝም። የተለጠፈውን ፖስታ ለማስተካከል በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት እንጭንበታለን። ሊቁ ለዚህ ሥራ አላዘጋጁትም፤ ነገር ግን በቤታችን ከእርሱ የሚከብድ መጽሐፍ የለም።

መጽሐፉ አጠገባችን ስላለም ልጆቹን ቃላት እናስተምርበታለን። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበትን የቆዳ ማኅደር አይተናል፤ ቃሉ «ኀደረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። «መልአክ» እና «መልእክት» የሚሉትም ሁለቱ ቃላት ከአንድ ግስ፥ «ለአከ»፥ ላከ ከሚለው ይወለዳሉ። ታናሹ ልጃችን ይህን በሰማ ጊዜ «እንግዲያስ የምሥለው መልአክ ራሱ ደብዳቤ ነዋ» አለ። አላረምነውም።

ድሮ በአገራችን መልእክተኛው ደብዳቤውን ጫፉ በተሰነጠቀ በትር ላይ ሰክቶ ይጓዝ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ቤት ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በእንግሊዝ አገር እስከ 1832 ዓ.ም. ድረስ የደብዳቤ ዋጋ የሚቈጠረው በወረቀቱ ብዛት ስለ ነበረ፥ መጠቅለያው እንደ ሁለተኛ ወረቀት ተቈጥሮ ያስከፍል ነበር ይባላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ደብዳቤውን በራሱ ላይ አጥፎ ያሽገው ነበር። ዛሬ እንኳን አደረሳችሁ የሚባለው በእጅ ስልክ ሆኗል። ይህን አንነቅፍም፤ እኛም እንልካለን። ነገር ግን ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ይደውላል ማለት አይደለም፤ የምንጽፈውም ስለዚህ ነው።

በቤታችን ወረቀት ከመቈረጡ በፊት የሰዎቹ ስም ይመዘገባል። በ2009 ዓ.ም. ጳጉሜን የመዘገብነው ዐሥራ አንድ ስም ነበረ፤ የነፍስ አባታችን፥ የልጆቹ የክርስትና አባትና እናት፥ የዕድራችን ዳኛና ጎረቤቶቻችን። ታናሹ ልጃችን መዝገቡን አንብቦ «አባባ፥ የአጎቴስ?» አለን። «ወረቀቱ አልቋል» አልነው። በፊቱ አንድ ክምር ወረቀት ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድማችን ከደብረ ብርሃን ወዲያ በአባታችን መሬት ላይ ይኖራሉ። በልጅነታችን ዳዊት ያስደገሙን እርሳቸው ናቸው። አባታችን ካረፉ በኋላ፥ በ2005 ዓ.ም. እኛ የቤታችንን ቆርቆሮ ለማሳደስ ገንዘብ አጥሮን፥ አባታችን የተከሉትን ባሕር ዛፍ ወንድማችንን ሳንጠይቅ ለአጠና ነጋዴ ሸጥን። እርሳቸው የሰሙት ከመጥረቢያው ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። የስልክ ቍጥራቸው ነበረን፤ የእኛም ነበራቸው። በየጧቱ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በኮልፌ አጠና ተራ በኩል እናልፋለን፤ ተላጦ የተቆለለውን አጠና ባየን ቍጥር ወደ ሌላው ወገን መመልከት ልማድ ሆኖብን ነበር።

በዚያው ማታ ለጸሎት ስንቀመጥ፥ ስም ያልተጻፈበት ዐሥራ ሁለተኛ ፖስታ ከዳዊታችን ላይ አገኘን። ክዳኑ አልተለጠፈም። በውስጡ የልጁ ሥዕል ነበረ፤ በመልአኩ አጠገብ ረጅም አረንጓዴ ዛፍ ቆሟል። ይህን ማን እንደ ነገረው አልጠየቅንም። «ጋሼ» ብለን መጻፍ ጀመርን። የቆርቆሮውን ማርጀት፥ የደመወዙን ማነስ፥ የዝናሙን ክፋት የሚዘረዝር ሦስት ወረቀት ጽፈን ሦስቱንም ቀደድን፤ መምህር ሰበብ መደርደር አያቅተውም። በመጨረሻ ከካርዱ ጀርባ «ጋሼ፥ ዛፉ የእርስዎም ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» ብለን ብቻ ጻፍን፤ የጣሳውን ትራፊ ኮላ በጣታችን ጠርገን ክዳኑን ለጠፍን። ፖስታውንም ወደዚያ ለሚሄድ አንድ የሰፈራችን ሰው ሰጠነው።

መልሱ በመስከረም 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚያው ሰው እጅ መጣ። በመጀመሪያ አላወቅነውም፤ ኋላ ስናስተውለው የራሳችን ፖስታ ነው። ወንድማችን መለጠፊያውን በእንፋሎት አላቀው፥ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው እንደ ገና ለጥፈውታል። ለፖስታ የምናውለው አንድ ገጹ የታተመበትን፥ ከፈተና የተረፈ ወረቀት ስለ ሆነ፥ አሁን የሒሳቡ ጥያቄዎች በውጭ ተገልጠው ይታያሉ፤ ስማችን በጥያቄዎቹ መካከል በቀጭን የቁም ጽሕፈት ተጽፏል። በውስጡ ለልጁ የሥዕሉ ስጦታ የሚሆን ዐዲስ የ10 ብር ኖት እንጂ ደብዳቤ አልነበረም።

በኋላ ግን ልጃችን ፖስታውን ሲያገላብጥ «አባባ፥ አጎቴ ፈተና ተፈትኗል!» አለ። ሦስተኛው ጥያቄ «137ን ለ5 አካፍል» የሚል ነበረ። ወንድማችን በእርሳስ ሠርተው፥ ድርሻው 27፥ ቀሪው 3 ብለዋል፤ ከሥሩም «አርመህ መልስልኝ» የሚል ጽፈውበታል።

ቀሪው 2 ነበር። በቀይ እስክሪብቶ አረምነውና፥ በመስከረም 15 ቀን ልጁን አስከትለን በደብረ ብርሃን አውቶቡስ ተሳፈርን።