የካኪው ፖስታ

እሁድ ዕለት ሁለት የድሮ ተማሪዎቼ ቤት መጥተው ቡና ላይ በ«ዘ ኦፊስ» ተጣሉ። ቀልዴን አይደለም፣ አንደኛው ሁለተኛውን ሳይጠጣ ሊነሳ ነበር። አንዱ «ዋናው የእንግሊዙ ነው» ይላል፣ ሌላው የአሜሪካኑን ሦስት ጊዜ ጨርሶታል። በመጨረሻ «ቲቸር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

ያን ቀን አልፈረድኩም። አሁን ልፍረድ።

ለማታውቁት፣ የእንግሊዙ እ.ኤ.አ. በ2001 ቢቢሲ ላይ የጀመረ ኮሜዲ ነው። ሪኪ ጀርቬዝና ስቲቨን መርቻንት ጻፉት፤ ጀርቬዝ ራሱ ዴቪድ ብሬንት የሚባለውን አለቃ ሆኖ ይሠራል። ስላው የምትባል ከተማ፣ ወረቀት የሚሸጥ ድርጅት፣ ግራጫ ቢሮ። አሥራ ሁለት ክፍልና የገና ልዩ ዝግጅት፣ አለቀ። አሜሪካኖቹ በ2005 ወስደው ስክራንተን፣ ፔንሲልቬንያ ተከሉት። ስቲቭ ካሬል ማይክል ስኮት ሆነ። በ2013 ሲያበቃ 201 ክፍል ደርሶ ነበር።

የሁለቱም የመጀመሪያ ክፍል ከሞላ ጎደል አንድ ነው። አለቃው በአዲስ ሠራተኛ ፊት ቀልደኛ መስሎ ለመታየት እንግዳ ተቀባይዋን «ሰርቀሻል፣ ተባረሻል» ይላታል። ሰረቀች የተባለው እኮ ማስታወሻ የሚጻፍባትን ተለጣፊ ወረቀት ነው። ልጅቷ ታለቅሳለች። ከዚያ ቀልድ ነው ይላታል።

እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ተነስቼ ውሃ ልጠጣ ሄድኩ።

ምክንያቱም አድርጌዋለሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ (የት እንደሆነ ይቅር) የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች አንዲት ወጣት መምህርት ነበረች። አንድ ጠዋት ቢሮዬ ጠርቼ በካኪ ፖስታ የታሸገ ነገር ሰጠኋትና ፊቴን ቆጠር አድርጌ «በጣም አዝናለሁ፣ ከላይ የመጣ ውሳኔ ነው» አልኳት። ውስጡ ባዶ ወረቀት ነው። አብረውኝ ሁለት መምህራን ነበሩ፤ እየሳቁ ነበር። እሷ ፖስታውን ሳትከፍተው እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ኧረ ስቀልድ ነው ባክሽ!» አልኩ። ሳቀች። እኔም የሳቀች መሰለኝና ለዓመታት ቀልደኛ አለቃ ነበርኩ ስል ኖርኩ።

ወደ ፍርዱ ስመለስ፣ አሜሪካኖቹ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ማይክልን አለሰለሱት። ያችው ያስለቀሳት ፓም በሦስተኛው ምዕራፍ ሥዕሎቿን ለዕይታ ስታቀርብ የሥራ ባልደረቦቿ ከቁም ነገር አልቆጠሯትም። ማይክል ግን አርፍዶም ቢሆን ይመጣል፤ የቢሮውን ሕንፃ የሣለችበትን ሥዕል አይቶ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ይገዛታል፣ ወስዶም ቢሮው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። እኔም እዚያ ጋ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ሁለት መቶ ክፍል ካለህ ለመካስ ጊዜ አለህ።

ብሬንት ጊዜ አልተሰጠውም። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ ከሥራ ይቀነሳል። ያ በመጀመሪያው ክፍል «ተባረሻል» የሚለው ቃል መጫወቻው የነበረ ሰውዬ፣ አለቆቹ ፊት ቁጭ ብሎ እንዳያባርሩት ይለምናል። ሙዚቃ የለም፣ የሚያቅፈው ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው ፖስታው ትዝ ያለኝ።

ስለዚህ ልጆች፣ የእንግሊዙ ነው። የአሜሪካኑን ማታ ማታ አያለሁ፣ እንቅልፍ ያመጣልኛል፣ ሰዎቹም ዘመድ ሆነውኛል። ግን እኔ ማይክል አልነበርኩም። እሷ ውሏ ሲያልቅ ሳታድስ ሄደች፤ የከፈተችው የሥዕል ትርኢት ቢኖርም የጠራኝ የለም።

ሰኞ ማታ ፈልጌ አገኘኋትና ጻፍኩላት። ረጅም ነበር፣ አሳጠርኩት። «ያንን ፖስታ ታስታውሺዋለሽ? ይቅርታ አድርጊልኝ» ብቻ ቀረ።

ረቡዕ መለሰችልኝ።

«አስታውሳለሁ ጋሼ። ያን ቀን የቤት ኪራይ ልከፍል ነበር። ፖስታውን እስካሁን አልከፈትኩትም፣ እናቴ ቤት የሆነ ቦታ አለ። ባዶ ነው እንዴ?»