የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

የአሜሪካ ዜግነት ለመቀበል የተፈተንሁት በ2011 ነው (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶው ጥያቄ ከአሥር በላይ እንደማልጠየቅ ባውቅም፣ መቶውንም እንደ ዳዊት ደጋግሜ በቃሌ ይዤው ነበር። ፈታኟ ጥቂት ከጠየቀችኝ በኋላ፣ «ከምትኖርበት ስቴት ሴናተሮች የአንዱን ስም ንገረኝ» አለችኝ።

«የለኝም» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ፈገግ ብላም የ«ትክክል» ምልክት አደረገች። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ እንዲህ ብሎ እንዲመልስ የፈተናው መልስ ራሱ ያዝዛል። በዕድሜዬ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ የለኝም ብዬ ያለፍሁት ግን ይህን ብቻ ነው።

ማታ ለጓደኛዬ ደውዬ ብነግረው በሳቅ ፈነዳ። እርሱ የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሲፈተን «ባርባራ ሚኩልስኪ» ብሎ ነው ያለፈው። የእኔንና የእርሱን ሠፈር የሚለየው ኢስተርን አቬኑ የሚባል አንድ መንገድ ነው። ቡና ሲጠራኝ በእግሬ ሄጄ ከሁለተኛው ሳላልፍ እደርሳለሁ። እንግዲህ አስፋልቱን ስሻገር ሁለት ሴናተርና ድምፅ ያለው እንደራሴ ካለበት ምድር እገባለሁ፤ ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ደግሞ ከሌለበት። የካፒቶል ጉልላት ያለው ግን በእኔ በኩል ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሆነ? በ1783 ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ውስጥ ኮንግረስ የተሰበሰበበትን ሕንፃ ከበቡት። የፔንሲልቬኒያ አስተዳደር ሊከላከልለት ባለመፈለጉ ኮንግረሱ ከተማውን ጥሎ ወጣ። በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ያ ውርደት አልተረሳም ነበርና፣ መናገሻይቱ ከየትኛውም ስቴት ሥር ሳትሆን፣ ከአሥር ማይል በአሥር ማይል በማይበልጥ መሬት ላይ በኮንግረስ ሥልጣን እንድትተዳደር ተወሰነ። መሬቱን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሰጡ። በ1801 ኮንግረስ አካባቢውን በእጁ የሚያስገባ ሕግ ሲያወጣ፣ እስከዚያ ድረስ የሁለቱ ስቴቶች መራጭ የነበረው ነዋሪ ድምፁን አጣ። የቨርጂኒያ ድርሻ በ1846 በወጣ ሕግ ተመለሰላት። የሜሪላንዱ ድርሻ ግን እስከ ዛሬ እንዳለ አለ፤ እኔም የምኖረው እርሱ ላይ ነው። የፈሩት ወታደር ነበር፤ ዕዳው የተረፈው ለነዋሪው ሆነ።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ይኖራሉ። «እማማ» እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ካወቁ ወዲህ በሌላ ስም ብጠራቸው መልስ አይሰጡኝም። እናታቸው እዚሁ ከተማ ተወልደው፣ እዚሁ አርጅተው፣ ለፕሬዚዳንት አንድም ቀን ሳይመርጡ በ1959 ሞቱ። ለዲሲ ነዋሪዎች ፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት የሰጠው 23ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በ1961 ነው። እማማ በ1964 ዕድሜያቸው 22 ነበር። «ድምፄን ስሰጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለእናቴም ጭምር የምመርጥ መሰለኝ» ብለውኛል።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት በጥቂት ተጨምሯል። በ1973 የራስ አስተዳደር ሕግ ወጥቶ ነዋሪው ከንቲባውንና የከተማውን ምክር ቤት መምረጥ ጀመረ። ይሁንና ከተማው የሚያወጣውን ሕግ ኮንግረስ ሊሽረው ይችላል። ከ1971 ጀምሮም ወደ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ልዑክ ይላካል። ኤሊኖር ሆምስ ኖርተን ከ1991 አንሥቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ወንበር አገልግለዋል። ልዑኩ ይናገራል፣ ረቂቅ ሕግ ያቀርባል፣ በኮሚቴ ውስጥም ድምፅ ይሰጣል፤ ሕጉ ሊጸድቅ እጅ ሲቆጠር ግን የእርሱ እጅ አይቆጠርም። በ2020 ቆጠራ የዲሲ ሕዝብ 689,545 ነበር። የዋዮሚንግ ሕዝብ 576,851 ሲሆን፣ ሁለት ሴናተርና አንድ ሙሉ እንደራሴ አለው።

ታክሲ እነዳ በነበረበት ጊዜ፣ በ2000 መጨረሻ ላይ፣ በየመኪናው ታርጋ አዲስ ጽሑፍ ብቅ አለ። ትርጉሙ «ያለ ውክልና ግብር» ነው። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ሲጣሉ ያነሡት አቤቱታ መሆኑን አንድ ተሳፋሪ አስረዳኝ። እኔ ግን ማስረዳቱን ብዙም አልፈለግሁትም። የአያቴን አገር ሰው ጠይቁ፤ ገባር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ገባር ይከፍላል፤ ስለ ከፈለው ግን አይጠየቅም። የዲሲ ነዋሪ የፌዴራል ግብሩን እንደማንኛውም አሜሪካዊ ይከፍላል፤ ልጁም ጦርነት ሲመጣ ይዘምታል።

ትግሉ አልቆመም። በ1978 ለዲሲ ሙሉ ውክልና የሚሰጥ ማሻሻያ በኮንግረስ አልፎ ነበር። ለመጽደቅ 38 ስቴቶች ያስፈልጉት ነበርና፣ በ1985 ጊዜው ሲያልቅ የደገፉት 16 ብቻ ሆኑ። በ1993 ስቴት የመሆን ጥያቄ በተወካዮች ምክር ቤት በ277 ተቃውሞና በ153 ድጋፍ ወደቀ። በ2016 ነዋሪው ራሱ ተጠይቆ ከመቶ 86 ያህሉ ስቴት እንሁን አለ። ምክር ቤቱም በ2020 እና በ2021 ረቂቁን አሳለፈው፤ ሴኔቱ ግን ለድምፅ አላቀረበውም።

የተቃዋሚዎቹን ቃል ሳልጠቅስ ባልፍ ከእውነት እጎድላለሁ። ሕገ መንግሥቱ ሳይሻሻል አይሆንም የሚሉ አሉ፤ መሬቱ ወደ ሜሪላንድ ይመለስ የሚሉም አሉ። ክርክሩ የሚያስቡበት ነው። ነገር ግን ከሥሩ አንድ ሒሳብ እንዳለ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከተማዋ ዴሞክራቶችን የምትመርጥ በመሆኗ ሁለት አዲስ ሴናተር የሚጨመረው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

«ድምፅ ኖራችሁ አልኖራችሁ ምን ይቀርባችኋል?» የሚለኝ አይጠፋም። በ2023 ኮንግረስ የከተማው ምክር ቤት ያወጣውን የወንጀል ሕግ ሽሮታል። በነሐሴ 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የከተማውን ፖሊስ ለ30 ቀናት በፌዴራል መንግሥት ቁጥጥር ሥር አድርገው የናሽናል ጋርድ ወታደሮች በየመንገዱ ቆሙ። ይህ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚለው ጎረቤቶቼ መካከል ክርክር ነበር። በዚያ ላይ እጁን አውጥቶ «አዎ» ወይም «አይሆንም» የሚል እንደራሴ ግን ከተከራካሪዎቹ አንዳቸውም አልነበራቸውም።

ስደተኛ ያገሩን ሳያነጻጽር አያልፍም። በ1995 በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባን ተጠሪነት ለፌዴራል መንግሥት አድርጎታል። ክልል አይደለችም፤ የመናገሻ ከተማ ጣጣ እዚያም አለ። ቢሆንም ነዋሪዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይወከላል፤ እንደራሴውም እንደሌላው እጁ ይቆጠራል። እዚህ ዲሲ ደግሞ በ2004 በወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የመሥሪያ ቤት ወረቀት በአማርኛ ተተርጉሞ አገኛለሁ። ከተማው በቋንቋዬ ያነጋግረኛል፤ ከጉልላቱ ሥር ግን የሚናገርልኝን ሰው አይቆጥሩትም።

ባለፈው የኪራይ ውሌ ሲያልቅ ጓደኛዬ ከእርሱ ሕንፃ ባዶ ቤት አገኘልኝ። «ና ተሻገር፤ ሁለት ሴናተር በነፃ ታገኛለህ» አለኝ። ልቤ ከጅሎ ነበር። ለእማማ ብነግራቸው፣ «ሂድ ልጄ፤ እናቴ ግን የምትሻገርበት አልነበራትም» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ውሌን አደስሁ። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

በኅዳር 2024 ከእማማ ጋር ልንመርጥ ሄድን። ከ1990 ጀምሮ ከተማው «ጥላ ሴናተር» የሚባሉ ሁለት ሰዎችን ይመርጣል፤ ሥራቸው ስቴት አድርጉን ብሎ መወትወት ነው፤ በሴኔት ወንበርም ድምፅም የላቸውም። በዚያ ዓመት ከሁለቱ የአንዱ ቦታ ለምርጫ ቀርቦ ነበር። እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው ለፕሬዚዳንት ያለውን ቶሎ ሞሉት። የጥላው ሴናተር ላይ ሲደርሱ ግን ቆዩ። ክቧን ከዳር እስከ ዳር፣ ነጭ ሳያስቀሩ፣ እየደጋገሙ አጠቆሩአት። እኔም ጠበቅኋቸው።