«እስቲ ዘለበቱን ደግመህ እይልኝ»

እንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ከተከፈተ ወዲህ በዚፕላይን መንሸራተት ለአዲስ አበባ ልጅ ብርቅ መሆኑ እየቀረ ነው። ደስ ይላል። እኔ ግን ተራ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወገቡና ጭኑ ላይ በታሰረው ቀበቶ ላይ ነው የሚያርፈው።

እንጦጦ ብርድ ነው፤ ሰው ወፍራም ጃኬት ደርቦ ይመጣል፣ ቀበቶውም ከላዩ ይታሰራል። ጃኬቱ ሲጨመቅ የጠበቀ የመሰለው ሁሉ ይላላል። የወገቡ ቀበቶ ከዳሌ አጥንት በላይ ጥብቅ ብሎ ካልተቀመጠ፣ የተገለበጠ ሰው ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። ከዘለበቱ አልፎ የሚንጠለጠለው ትርፍ ጫፍም ሥራ አለው። ክብደት ሲያርፍበት ማሰሪያው ጥቂት ስለሚንሸራተት፣ 8 ሳንቲሜትር ገደማ መትረፍ አለበት። ካነሰ ልኩ የእናንተ አይደለም፤ ሌላ አስመጡ። አንዳንዱ ዘለበት ደግሞ ማሰሪያው ካለፈበት በኋላ ተመልሶ እንደገና እንዲገባበት ይፈልጋል። ሳይመለስ የቀረው ቆመው ሲያዩት የታሰረ ይመስላል፤ ሰው ሲንጠለጠልበት ግን ሊፈታ ይችላል። ከኋላ ሰልፉ ሲገፋ «ችግር የለውም» ማለት ይቀናናል። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም፤ የሚያስራችሁን ሠራተኛ «እስቲ ዘለበቱን ደግመህ እይልኝ» በሉት።

ደብረ ዳሞ ላይ ደግሞ ጭራሽ ዘለበት የለም። ወደ አቡነ አረጋዊ ገዳም የሚወጣ ወንድ ወገቡን በጠፍር ይታሰራል፣ ሌላውን ጠፍር በእጁ ጨብጦ 15 ሜትር ያህል ገደል ይወጣል። ቋጠሮው ለእያንዳንዱ በልኩ ይቋጠራል፤ ከላይ ያሉትም ጠፍሩን እየሰበሰቡ ይጎትቱታል። ገመዱ ካልላላ ሰውየው ቢስት እንኳ ብዙ አይወድቅም፤ ስለዚህ ወገብ ብቻውን ይችለዋል።

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ሕንፃ ላይ ለሚሠሩት ወንድሞቻችን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገመዱን የሚሰበስብላቸው የለም፤ ሜትርና ከዚያ በላይ ወድቀው ነው ድንገት የሚያዙት። ያ ሁሉ ኃይል ወገብ ላይ ብቻ በታሰረ ሴፍቲ ቤልት ሲመጣ ሆድና አከርካሪ ላይ ያርፋል። አሜሪካ በግንባታ ሥራ ላይ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረውን ቀበቶ የወደቀን ሰው ለመያዣነት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፤ ጉልበቱን ጭን፣ ዳሌና ትከሻ ይካፈሉት ብላ።

ፎርማን የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ ዕቃ ሲገዛ የጭንና የትከሻ ማሰሪያ ያለውን፣ ለቀጭኑም ለወፍራሙም የሚስተካከለውን አስገዙ። ጠዋት ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ትርፉን ጫፍ በእጃችሁ ያዙና እዩለት።