ከአዳማ እስከ ላንጋኖ፦ ከልጆች ጋር ዘንዶ ፍለጋ

ከአዲስ አበባ አዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈጣን መንገዱ ለሚነዳ ሰው ቅርብ ነው፤ የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ሩቅ ነው። "ደረስን እንዴ?" የሚለው ጥያቄ ገና ዱከም አካባቢ ይጀምራል። ቢሾፍቱን ሲያልፉ ስልክ ይጠየቃል። ሞጆ ላይ መኪናው ጸጥ ይላል፤ ልጆቹ አንገታቸውን ስክሪን ላይ ደፍተዋል። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ስምጥ ሸለቆ ከነግራሩና ከነተራራው ሳይታይ ያልፋል።

በሚቀጥለው የሦስት ቀን ዕረፍት ወደዚያ ለመውረድ ካሰቡ፣ ከዋና ልብሱና ከውሃው ጋር አንድ ዘንዶ ይዘው እንዲሄዱ ልመክርዎ ነው።

ነገሩ ጨዋታ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን "ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ" የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ አሳተሙ። አንድ ሰው ይተርካል፤ ሌሎቹ በትረካው ውስጥ ያሉ ጀግኖች ይሆናሉ፤ ይሳካ አይሳካ የማይታወቀውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብሎ ያደገ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ልጁ "የላም በረት" ብሎ ዝም አይልም፤ "ከዚያ እኔ ከኋላው ዞሬ ጅራቱን እይዘዋለሁ" ይላል። እርስዎም ለዚያ መልስ ሊኖርዎት ይገባል።

ጨዋታው የሚፈተነው መጨረሻ ላይ ዋናው ጭራቅ ሲመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይበላሻል። ወይ ያ ሁሉ የተፈራ ዘንዶ በሁለት ደቂቃ ይሞታል፤ ወይ ደግሞ ወላጅ አዝኖ ልጆቹን በስውር ያሸንፋቸዋል። ልጆች ግን ይህን ያውቃሉ። አባቷ በሉዶ ሆን ብሎ ሲሸነፍላት የምታውቅ ልጅ፣ ዘንዶውም ሆን ብሎ ሲሸነፍላት ታውቃለች። ሊሸነፉበት የማይችሉት ውጊያ ድሉም አይጣፍጥም። ስለዚህ ዘንዶው በእውነት የሚያስፈራ፣ ግን ፍርደ ገምድል ያልሆነ እንዲሆን ያስፈልጋል። ይህን እንዴት እንደሚያደርጉት ከአዳማ እስከ ላንጋኖ ያለው መንገድ ራሱ ያስተምርዎታል።

የሚይዙት ዕቃ ጥቂት ነው፦ አንድ የሉዶ ዳይስ፣ ለእያንዳንዱ ጀግና አንድ የለስላሳ ቆርኪ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ። ቆሎው ሕይወት ነው። ለእያንዳንዱ ጀግና ሦስት ፍሬ፣ ለዘንዶው አሥር ፍሬ ይስጡ። ዳይሱ 4፣ 5 ወይም 6 ካሳየ ምቱ ገባ፤ ከተመታው ፊት አንድ ፍሬ ይነሳል። የመታው ሰው ፍሬዋን መብላት ይችላል።

አዳማ፦ ወሬው ይቅደም

ወደ አዳማ ሲቃረቡ ኮረብታው ላይ ነጫጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ ሁለተኛው 102 ምሰሶዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ምሰሶ ሦስት ክንፍ አለው። ልጆቹን እዚህ ላይ ቀና ያድርጓቸው። "እነዚህ ግዙፎች የቆሙት ማንን ለመጠበቅ ይመስላችኋል?" ብለው ይጠይቁ። መልሱን እርስዎ አይስጡ፤ ልጆቹ ይሰጡዎታል። ያሉትን ደብተር ላይ ይጻፉት።

በማርኬቲንግ ሥራ አንድ ምርት ገበያ ከመግባቱ በፊት ወሬው ይቀድማል። ዘንዶም እንዲሁ ነው። ልጆቹ ከማየታቸው በፊት ሊሰሙለት ይገባል። ማታ አዳማ ላይ እራት ሲበሉ የመጀመሪያውን ወሬ ይንገሯቸው፦ ሻላ ሐይቅ ሥር የተኛ ዘንዶ ሊነቃ ነው፤ ሲተነፍስ ውሃው ይሞቃል። ወሬው ማስፈራሪያ ብቻ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ኋላ የሚጠቅም ነገር ይኑረው። "ሙቅ ውሃ ውስጥ ኃይለኛ ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ግን ይጠላል" ብለው ከነገሯቸው፣ አንዱ ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ የበረዶ ውሃ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ ያያሉ።

ሶደሬ፦ ዘንዶው ብቻውን አይምጣ

ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር ሶደሬ አለ። ፍል ውሃው ስመ ጥር ነው፤ ጦጣዎቹም እንዲሁ። ምሳዎን ዘርግተው አንዱን ትልቅ ጦጣ በዓይንዎ ሲከታተሉ፣ ትንሹ ከጀርባዎ ሙዙን ይዞ ዛፍ ላይ ወጥቷል። (አዋሽ አዞ ያለበት ወንዝ ስለሆነ ልጆቹን ከወንዙ ዳር ያርቋቸው።)

የሶደሬ ጦጣዎች ትልቁን ትምህርት ያስተምራሉ። አራት ጀግኖች በአንድ ዘንዶ ላይ ሲዘምቱ፣ በአንድ ዙር እነሱ አራት ጊዜ ይመታሉ፤ እሱ አንድ ጊዜ። ሒሳቡን ይሥሩት፦ ከአራቱ ምት በአማካይ ሁለቱ ይገባል፤ አሥሩ ፍሬ በአምስት ዙር ያልቃል። በአምስት ዙር አምስት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ግማሹን እየሳተ የሚመታ ዘንዶ ማንንም አያስፈራም። የጨዋታው ባለቤቶችም ይህን ስለተረዱ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛው እትም ኃያላን ጭራቆች በሌሎች ተራ መሃል ጭምር እንዲንቀሳቀሱ ፈቅደዋል።

እርስዎም ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ ዘንዶው ከየሁለቱ ልጆች ተራ በኋላ አንድ ጊዜ ይምታ። ሁለተኛ፣ ጭፍሮች ይስጡት፤ አራት ጦጣ ይበቃል። ጦጣ በአንድ ምት ይሸሻል፤ እስኪሸሽ ድረስ ግን የጀግኖቹን ዕቃ ይሰርቃል። አሁን ልጆቹ መነጋገር ይጀምራሉ፦ "አንተ ጦጣዎቹን ያዝ፣ እኔ ዘንዶውን።" ውጊያው የዳይስ ውርወራ መሆኑ ቀርቶ ምክክር ይሆናል።

ባቱ፦ ከመግደል የሚበልጥ ጉዳይ

በማግስቱ ወደ ሞጆ ተመልሰው ወደ ደቡብ ይታጠፉ። ቆቃንና መቂን አልፈው ብዙዎቻችን ዝዋይ እያልን ያደግንባት ባቱ ይደርሳሉ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ይብሉ፤ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ ልጆቹ ይዩአቸው።

በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት መጥተው ሰባ ዓመት እንዳቆዩት ይተረካል። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛዮች ይህን ትውፊት እስከ ዛሬ ይዘውታል። የተቀደሰውን ነገር ለጨዋታ አናውለውም፤ ሐሳቡን ግን እንውሰድ። እነዚያ ሰዎች የመጣባቸውን ጠላት ለመግደል አልሞከሩም፤ የከበደባቸውን አደራ ውሃ አሻግረው አዳኑ።

ለልጆችዎም እንዲህ ያለ ጉዳይ ይስጧቸው። ዘንዶው ሲነቃ የአንድ መንደር ሕፃናት ታንኳ ላይ ናቸው እንበል። ጀግኖቹ በአምስት ዙር ውስጥ ታንኳዋን ማሻገር አለባቸው። አንዱ ይቀዝፋል፣ ሌላው ይዋጋል፣ ሌላዋ ዘንዶውን ታታልላለች። ታንኳዋ ከተሻገረች ዘንዶው ባይሞትም አሸንፈዋል። ጎራዴ የማይወድ ልጅም ሥራ ያገኛል።

ጉማሬ ካዩ ደግሞ አንድ ነገር ያሳዩአቸው። ጉማሬ አፉን በሰፊው ሲከፍት የሚያዛጋ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን "አትቅረቡኝ" ማለቱ ነው። ዘንዶውም ከከባድ ምቱ በፊት እንዲህ ምልክት ይስጥ። "አፉን ከፈተ፤ ጉሮሮው ቀላ" ይበሉና አንድ ዙር ይጠብቁ። ምልክቱን አይቶ የሸሸ ይተርፋል፤ ያላየ ሁለት ፍሬ ያጣል። በድንገት የሚመጣ ምት ልጅን ያናድዳል፤ ምልክት የሰጠ ምት ግን ያስተምራል።

አሉቶ፦ መሬቱ ይለወጥ

ከባቱ ወደ ላንጋኖ ሲሄዱ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለው ተራራ አሉቶ ነው። ተራራ ይመስላል እንጂ እሳተ ገሞራ ነው፤ እንፋሎቱ ዛሬም ከስንጥቁ ይወጣል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጂኦተርማል ኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራውም እዚሁ ነው።

ዘንዶው አምስት ፍሬ ሲቀረው አሉቶን ያስታውሱ። ሜዳው ይሰነጠቅ፤ እንፋሎት ይውጣ፤ ከቆርኪዎቹ ሁለቱ የቆሙበት ቦታ ይሙቅ። እስከ አሁን የሠራው ዘዴ ከዚህ በኋላ አይሥራ። ውጊያው እየተጓተተ ልጆቹ ማዛጋት የሚጀምሩት ልክ እዚህ ላይ ነው፤ መሬቱ ሲለወጥ እንደገና ይነቃሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ተደጋግሞ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ያን ሌሊት ከእንቅልፉ የነቃ ልጅ ካለዎት የመሬቱን መሰንጠቅ ይተዉትና ጎርፍ ወይም ጭጋግ ያምጡ። ለመጫወት የተመቸ ፍርሃት አለ፤ ገና ያልዳነ ፍርሃትም አለ።

ላንጋኖ፦ መሸነፍም አለ

ላንጋኖ ሲደርሱ ልጆቹ በቡናማው ውሃ ይዋኙ። ሲመሽ ጠረጴዛ ይፈልጉ፤ ቆሎውን ይቁጠሩ፤ ይጀምሩ። ዳይሱን ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጣሉት። አንድ ጊዜ በእጅዎ ከሸፈኑት ጨዋታው አለቀ።

ልጆች የሚያመጡትን ብልሃት ደግሞ ዳይስ አያጥፋው። በአክሱም አፈ ታሪክ ሕዝቡን ያስገብር የነበረውን ዘንዶ አርዌን የጣለው ጦር አልነበረም፤ መርዝ የበላች ፍየል ናት። የበረዶ ውሃ ጠርሙስ ያመጣ ልጅ ሁለት ፍሬ ያንሳ።

ፍሬው ያለቀበት ጀግና አይሞትም፤ ይወድቃል። ጓደኛው ተራውን ትቶ ከራሱ አንድ ፍሬ ሰጥቶ ሊያነሳው ይችላል። ሁሉም ከወደቁ ግን ዘንዶው አሸነፈ፤ እርስዎም ያንን በግልጽ ይናገሩ።

ባለፈው ጉዟችን ላንጋኖ ላይ ዘንዶው አሸነፈ። የእህቴ ልጅ የመጨረሻዋን ፍሬውን ለሴት ልጄ ሰጥቶ አነሳት፤ በሚቀጥለው ምት ሁለቱም ወደቁ። ልጄ አለቀሰች። ባለቤቴ በዓይን "አንድ ዕድል ስጣት" ትለኝ ነበር። አልሰጠሁም፤ አቅፌ አስተኛኋት። ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ደብተሩን ይዛ መጣች። አፉን የከፈተባቸውን ዙሮች ሁሉ ጽፋ፣ ከሦስት ዙር በኋላ እንደሚከፍት ደርሳበታለች። ከአጎቷም ከአክስቷም ልጆች ጋር ተሰብስበው ሲማከሩ እንቁላሉ ቀዘቀዘ። ያን ቀን አሸነፉ፤ ድሉ የራሳቸው እንደሆነም ያውቁ ነበር።

ወደ ቤት ከመመለስዎ በፊት አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ይግቡ፤ መንገዱን ሳይመሽ ለመጨረስ ግን በጠዋት ይነሱ፤ የመንገዱንም ሁኔታ አስቀድመው ይጠይቁ። ከኮረብታው ላይ ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ዓይን ያያሉ። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ ነው፤ ዳርቻውም ላይ ፍል ውሃ አለ። ልጆቹ ዘንዶው የት እንደሚተኛ ወዲያው ይጠቁሙዎታል።

አብያታ ግን ከዳርቻዋ ብዙ ሸሽታለች፤ ውሃ የነበረበት ቦታ ነጭ ሜዳ ሆኗል። የእኔ ልጅ "ዘንዶው ነው የጠጣት?" አለችኝ። ወደ ሐይቋ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሷም ለሶዳ አሽ ምርት ሲሳብ እንደኖረ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና "ታዲያ ይህኛው ስንት ፍሬ አለው?" ብላ ጠየቀች።

የእርስዎ ልጆችም መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን ከመስኮቱ ውጭ እያዩ አብራችሁ ፈልጉት።