ፊታችንን ያቀላው ማን ነው?



ባለፈው ዓመት የተመራቂዎችን መጽሔት ከፍታችሁ «ይሄ ነገር ምን ነክቶት ነው?» ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናችሁ። በኅትመት ክፍል ያለን ልጆች ያኔ ለጠየቀን ሁሉ «ማተሚያ ቤቱ አበላሸው» ብለን መልሰናል። መልሳችን ትክክል አልነበረም። ይህን የምንጽፈው ያንን ለማረም ነው፤ ዘንድሮ ፎቶ የሚያስተካክሉ ልጆችም እኛ ያየነውን እንዳያዩ።

የወንዶቹን ፎቶ ደሴ ውስጥ፣ ከግቢ ውጭ በተከራየነው ክፍል፣ በአሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ሠራነው። የእህቶችን ፎቶ እህቶች ራሳቸው ዶርም ውስጥ በአንዷ ላፕቶፕ ሠሩት፤ ከጥናት በኋላ ማታ ማታ። ሁለቱም በአንድ ፍላሽ ተጭኖ ሐረጎን በሚኒባስ ወረደና ኮምቦልቻ ገባ። ለስንብት ፕሮግራሙ 20 ኮፒ ቀድሞ እንዲታተም፣ ቀሪው 100 ደግሞ በኋላ እንዲደርስ ነበር ስምምነታችን። ገንዘቡ ከየኪሳችን የተዋጣ ነው።

20ው ኮፒ ሲከፈት ወንዶቹ በሙሉ ቀልተዋል። ጠይሙም፣ የቀይ ዳማውም፣ ጥቁሩም አንድ ላይ የጡብ መልክ ይዟል። ነጩ ጀለቢያ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። እህቶች ገጽ ላይ ሲደረስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፊታቸው አመድ ለብሷል። ልጃቸውን ሊያስመርቁ ከሐርቡ የመጡ አንዲት እናት መጽሔቱን ይዘው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ ታማ ነበር እንዴ? ምነው ሳትነግሩኝ?» አሉን። አልታመመችም ብንላቸውም ቀኑን ሙሉ ግንባሯን እየዳሰሱ ዋሉ።

የዚያን ዕለት ማታ በጀመዓው ቴሌግራም «ርካሽ ቀለም ተጠቅመውብን ነው» ብለን ጻፍን። ሳያጣሩ ወሬ ማውራት እንደማይገባ በየጁሙዓው የምንሰማ ልጆች! ወሬው ኮምቦልቻ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ እኛ ሐጂ የምንላቸው አዛውንት፣ ደወሉ። አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ከማተሜ በፊት ደውዬ ‹ፊቱ ቀልቷል፣ እንዳለ ልተወው ወይ?› ብዬ ጠይቄ ነበር» አሉ። እርስ በርስ ተያየን። ከመካከላችን አንዱ፣ ወደ ፈተና እየሮጠ፣ «እንዳለ ይታተም» ብሏቸው ኖሯል።

ያኔም ቢሆን ልባችን ሙሉ በሙሉ አላመነም። ያሳመነን ያው መጽሔት ነው። ጥፋቱ የቀለሙ ወይም የማሽኑ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ገጽ ወደ አንድ ወገን ባጋደለ ነበር። የኛ ግን ግማሹ ወደ ቀይ፣ ግማሹ ወደ ሰማያዊ ነው የሄደው። ሁለቱን ግማሾች የሚለያቸው የተሠሩበት ስክሪን ብቻ ነው።

ስለዚህ አንዱን ፎቶ ይዘን ዞርን። በዴስክቶፓችን ሞኒተር ላይ ያምራል። በኮምቦልቻ ግቢ ባሉ ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ወንድሞች ሁለት ላፕቶፖች ላይ ቀይ ነው። በሐጂ ኮምፒውተርም ቀይ ነው። (ስልክን ዳኛ አታድርጉ። ብዙዎቹ ስልኮች ቀለም አድምቀው እንዲያሳዩ ተደርገው ነው የሚመጡት።) ሦስት በአንድ ሆነ፤ የዋሸው የኛው ሞኒተር ነው።

በመጀመሪያ የጠረጠርነው ገመዱን ነው። በቪጂኤ ገመድ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፒን ነው የሚያልፉት። የቀዩ ፒን ከታጠፈ ነጩ ወደ ውሃ ሰማያዊ ይሄዳል፣ የአረንጓዴው ከታጠፈ ሐምራዊ ይሆናል፣ የሰማያዊው ከሆነ ቢጫ። ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴና ሙሉ ሰማያዊ ገጽ እየከፈትን አየን፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። ገመዱን ነቅለን መልሰን አጥብቀን ሰካነው፤ የተለወጠ ነገር የለም።

ቀጥሎ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ ከፈትን። ጉዱ እዚያ ነበር። ብራይትነሱ 100 ላይ ነው። የቀለም ሙቀቱ 9300 ኬልቪን ላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ዝቅ ሲል ወደ ቢጫ። ለፎቶና ለኢንተርኔት በብዛት የሚሠራበት ኤስአርጂቢ የተባለው መለኪያ፣ ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት፣ ነጩን 6500 ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እኛ በሰማያዊ ስክሪን ላይ ተቀምጠን፣ ፊቱ «ትክክል» እስኪመስለን ቀይና ቢጫ ስንጨምር ከረምን። ጉንፋን የያዘው ሰው ወጥ ሲቀምስ ጨው እንደሚያበዛው ማለት ነው። ስክሪኑ ከመጠን በላይ ስለሚያበራም ፎቶውን አጨለምነው፤ ወረቀት ደግሞ መብራት የለውም።

ወደ 6500 ስንመልሰው ሁሉም ነገር ቢጫ መሰለን። ወንድሞቻችን «ይሄማ ባሰበት» አሉ። መልሰን ልንቀይረው ምንም አልቀረንም ነበር። አንድ ቀን ስንታገስ ዓይናችን ለመደው፤ አሮጌው አቀማመጥ ሲከፈትልን ነው በረዶ የመሰለው።

የእህቶች ላፕቶፕ ችግር በአንድ ደቂቃ ተገኘ። ናይት ላይት የሚባለው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ስክሪኑን ለዓይን እንዲመች ወደ ቢጫ የሚያዞረው፣ በርቶ ነበር። ማታ ማታ ሲሠሩ ያንን ቢጫ ለማጥፋት ሰማያዊ ጨመሩ። የሐርቧ እናት ልጃቸውን አስታማሚ ሊሆኑ የደረሱት በዚህች ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቸገረን። ያው ፎቶ በፎቶሾፕ ሲከፈትና በተራው የፎቶ ማሳያ ሲከፈት ቀለሙ ይለያይ ነበር። ከሞኒተሩ ሾፌር ጋር የተጫነ የቀለም ፕሮፋይል ነበረ፤ ፎቶሾፕ ይሰማዋል፣ ሌላው አይሰማውም። ፕሮፋይሉ ከአሁኑ የሞኒተሩ አቀማመጥ ጋር አይገናኝም። በዊንዶውስ የቀለም አስተዳደር ገብተን አጠፋነውና ኤስአርጂቢን አደረግንለት። ሁለቱ ተስማሙ።

ከስክሪን ላይ ተለጥፎ ቀለም የሚለካ መሣሪያ አለ፤ እኛ ግን የለንም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ፣ ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት ከሞቀ በኋላ፣ ደረጃ በደረጃ ተከተልን። ብራይትነሱን ደግሞ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይዘን፣ ሁለቱ እስኪቀራረቡ ዝቅ አደረግነው። የክፍላችን ግድግዳ አረንጓዴ መሆኑ፣ የደሴ ጉም በመስኮት ሲገባ ብርሃኑ ሰማያዊ መሆኑ፣ ይህም ዓይን ያታልላል። አሁን መጋረጃ ዘግተን በአንድ ዓይነት አምፖል ነው የምንሠራው።

ከዚህ በኋላ ኮምቦልቻ ወረድን፤ ይቅርታ ለመጠየቅ። ሐጂ ሻይ አዘዙልን። ከዚያ «ፎቶ ስጡኝ» ብለው የሦስት ልጆች ፊት፣ አንድ ጠይም፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ ከነጭና ከግራጫ ሣጥን ጋር በአንድ ወረቀት አትመው ሰጡን። «ይህን ከስክሪናችሁ አጠገብ ያዙ። ከዚህ ጋር ካልገጠመ አትላኩልኝ።» ከመካከላችን አንዲት እህት አንብባ ስትነግረን፣ ኮዳክ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፎቶ ቤቶች ሸርሊ ካርድ የሚባል እንዲህ ያለ ናሙና ይልክ ነበር፤ ግን ላይዋ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች። የየቀለሙን ሰው ያካተተ ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። የኛ ካርድ የኮምቦልቻ ነው።

ፎቶዎቹን በሙሉ እንደገና ሠራናቸው፤ አራት ሌሊት ፈጀብን። ቴሌግራም ላይ የጻፍነውን አጥፍተን በምትኩ ጥፋቱ የኛ መሆኑን ጻፍን፤ ያየው ሰው ግን ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ቀሪው 100 ኮፒ ሲወጣ ሐጂ የተበላሸውን 20 ያለ ትርፍ፣ በወረቀቱና በቀለሙ ዋጋ ብቻ ደገሙልን። አንዱ በሚኒባስ ሐርቡ ተላከ።

ወረቀቱ አሁን ከሞኒተሩ ጎን ተለጥፏል። ከሥሩ «ብራይትነስ አትንኩ» ተብሎ ተጽፏል። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሰው ነክቶታል። ማን እንደሆነ እያጣራን ነው።