የሽንኩርት ልጣጭ አይጣል

እኛ ፈታዮች ነን። የጥለት ክር የምንነክረው ከገበያ በምንገዛው የዱቄት ቀለም ነበር። የተረፈውን ውሃ ወንዝ ውስጥ እንደፋለን። አንድ ቀን ከወንዙ በታች ያሉ ጎረቤቶቻችን መጡ። «እናንተ ጥለት ታሳምራላችሁ፤ እኛ ቀይ ውሃ እንቀዳለን» አሉን። አፈርን። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ሞከርን። ክሩን በሳሙና አጠብን። የደረቀ የሮማን ልጣጭ ቀቅለን አጠለልን። ክሩን በውሃው ዘፍዝፈን አሳደርን። በማግስቱ በሚዛን ክሩን የሚያህል የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ አንድ ሰዓት ቀቀልን። አጥልለን ክሩን ጨመርንበት። በዝግታ እሳት ሌላ አንድ ሰዓት ቆየ። ቡናማ ሆኖ ወጣ።

የሮማን ልጣጭ ታኒን የሚባል ነገር አለው። ታኒን ክሩ ቀለም እንዲይዝ ይረዳል። ላብ እንዲሸት የሚያደርጉትን፣ በዓይን የማይታዩ ተዋስያንንም ያዳክማል። ነገር ግን ልብሱ በታጠበ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። በዚህ ብቻ ተማምነን ማጠብ አንተውም። ቁስልም አናስርበትም።

ቀለሙ እንደ ገበያው አይደምቅም። ፀሐይም ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ በጥላ እናደርቀዋለን። የተረፈውን ውሃ ከወንዝ ርቀን እንደፋለን። ዛሬ ጎረቤቶቻችን ቀይ ውሃ አይቀዱም።