ከመተማ እስከ ጭልጋ፦ ሞተረኞች የሚያልፉት ቆላ

አፍሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ ጫፏ በሞተር ብስክሌት ለማቋረጥ ለሚነሣ ሰው፣ የሱዳንን ሜዳ ጨርሶ ወደ ኢትዮጵያ ይገባበት የነበረው ዋነኛው የየብስ በር መተማ ዮሐንስ ሲሆን፣ ከዚያ በኮኪት፣ በሸሕዲ፣ በነጋዴ ባሕርና በጭልጋዋ አይከል አድርጎ ጎንደር የሚያደርሰው መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ርቀቱ ግን መንገዱን አይገልጸውም፤ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከሆነው ቆላ ተነሥቶ ጭልጋ ላይ 2,000 ሜትርን የሚያልፍ በመሆኑ፣ ረፋድ ላይ ላብ ሲያሰምጠው የነበረ መንገደኛ ማምሻውን ጋቢ የሚያስፈልገው ይሆናል። የጉዞ ማስታወሻዎች ይህን ቀን በአብዛኛው የድንበሩን ግርግር ከጎንደር ግንቦች ጋር በሚያያይዝ ጥቂት መስመር ይዘጉታል። በመካከሉ ያለችው ሸሕዲ፣ በመደበኛ ስሟ ገንዳ ውኃ፣ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆና ሳለች፣ ነዳጅ የተቀዳባት ቦታ ብቻ ሆና መቅረቷ የሚያስቆጭ ነው።

በዚህ መስመር ካለፉት ሞተረኞች ሁሉ ስሙ የገነነው ቴድ ሳይመን የተባለው የብሪታንያ ጋዜጠኛ ነው። ሳይመን 500 ሲሲ በሆነች ትራያምፍ ታይገር 100 ሞተር ብስክሌት ከለንደን የተነሣው መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ የዓረብና የእስራኤል ጦርነት በፈነዳበት በዚያው ዕለት ሲሆን፣ በግብፅና በሱዳን አልፎ፣ ከአትባራ እስከ ከሰላ ያለውን አሸዋ ተሻግሮ፣ በገዳሪፍ በኩል መተማ ደረሰ። ያን ጊዜ ሱዳን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ከቀየረች ጥቂት ወራት ብቻ ሆኗት ነበር፤ ኢትዮጵያ ለውጡን ያደረገችው ቀደም ብላ በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ሁለቱን አገሮች የሚለየውን ደረቅ ወንዝ በድልድይ የሚሻገር መንገደኛ መስመሩን መቀየር አላስፈለገውም። ጉዞው በጠቅላላው አራት ዓመት ፈጅቶ፣ ከአንድ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኖ 45 አገሮችን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍም ለብዙ ወጣቶች ከቤት መውጫ ምክንያት ሆኗል፤ ምንም እንኳ እሱ ራሱ ሲነሣ ከአርባ ዓመት ያለፈ ጎልማሳ ቢሆንም።

እንደ ሳይመን ትራያምፍ ያለ ሞተር ከመተማ ወደ ጭልጋ ሲወጣ የሚገጥመውን መረዳት የአገሩን አቀማመጥ እንደመረዳት ነው። ካርቡራቶር፣ ማለትም ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚልከው ክፍል፣ የነዳጁን መጠን የሚወስነው ነዳጁ በሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ ሲሆን፣ ቀዳዳዋ አትለወጥም፤ አየሩ ግን መቶ ሜትር በተወጣ ቁጥር በመቶ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ከነጋዴ ባሕር በኋላ ያለውን ዳገት ሲያያዙት ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፤ የጭስ ማውጫው ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩም በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን በሁለተኛ እያቃሰተ ይወጣዋል። በቆላው ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር በሸሕዲ የሚያዝያ ፀሐይ ቀስ ብሎ ከተነዳ ነፋሱ ስለማይበቃው ይግላል። የዛሬዎቹ በኮምፒውተር የሚመጠኑ ሞተሮች የአየሩን መሳሳት ራሳቸው ያካክሳሉ፤ ሾፌሩ ከቆላ ወደ ደጋ መውጣቱን በሞተሩ ድምፅ የሚያውቅበት ዘመንም በዚሁ ማብቃቱ ነው።

መንገዱ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ የተረሳው ሌላው ነገር ዋልካው ነው። ዋልካ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በሐምሌ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ እርሻዎቹ የታጠፈ ሞተር ሩቅ ሳይሄድ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፤ ያን ጊዜ ያለው መፍትሔ ፓራፋንጎውን ፈትቶ ጭቃውን በእንጨት መፋቅ ነው። መንገደኛውን የሚያስመርረው ይኸው አፈር ግን ሰሊጡን፣ ጥጡንና ማሽላውን የሚያበቅል የአካባቢው ሀብት ነው።

ሸሕዲን ለማየት የሚሻ ሰው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቢያልፍ ይበጃል። ሰሊጥ ፍሬው ሲደርቅ ቅርፊቱ ከጫፉ ተከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ የሚያፈስ ተክል በመሆኑ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ከደረቁ በኋላ ተገልብጠው ሲመቱ ዘሩ ሸራ ላይ ይፈስሳል። ጥቂት ቀን የዘገየ ገበሬ የዓመት ልፋቱን መሬት ይበላዋል። ስለዚህም በዚያ ሰሞን ሳሉግ የሚባለው ወቅታዊ የጉልበት ሠራተኛ ማጭዱን ይዞ ከደጋው ይጎርፋል። ሳሉጉ ከወባ ሌላ ካላዛር ያሰጋዋል፤ ይህ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ጉበትንና ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ሲሆን፣ ዝንቧ በዚያው በተሰነጠቀው ዋልካና በግራር ሥር ትኖራለች። ከሜዳው ደጋውን የሚመግብ ምርት የሚወጣው በዚህ ዋጋ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሞተረኛ አንድ ሌሊት አድሮ ሊጽፈው የሚገባ ነገር ካለም ይህ ነው።

ከሞተረኞቹ በፊት የነበሩ የድሮ መንገደኞችም በመተማ ያልፉ ነበር፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲጓዝ፣ በትግራይ በኩል ባለው ዐመፅ ምክንያት በከሰላ ዞሮ በዚሁ በር ገብቷል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁትም እዚሁ ሲሆን፣ የድንበሩ ከተማ ስማቸውን ይዛለች።

ከሳይመን በኋላ ብዙዎች ተከትለዋል፤ የእሱ መጽሐፍ ካነሣሣቸው አንዱ የሆነው ተዋናይ ዩዋን ማክግሬገር ከቻርሊ ቡርማን ጋር ከስኮትላንድ እስከ ኬፕ ታውን ሲነዳ በ1999 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ግን መስመሩ ተቋረጠ። የዚያኑ ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ውጊያ በመቀስቀሱ የጎንደር መተማ መንገድ ለነዋሪውም አስጊ ሆነ። በድንበሩ ድልድይ የሚመጣው እንግዳም ሻንጣ የጫነ ሞተረኛ ሳይሆን፣ ልጅ አዝሎ ጨርቁን ጠቅልሎ የሚሸሽ ሱዳናዊና ከሱዳን የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ ለስደተኞቹ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቋቁመውላቸው ነበር። አህጉሩን ማቋረጥ የሚፈልጉ ሞተረኞች ደግሞ በርካቶቹ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አፍሪካ አዙረው፣ በሞሪታኒያና በሴኔጋል በኩል ይወርዳሉ።